የሞላ ኢንቦክስ፦ ቦታ ማስለቀቅና ሥርዓት ማስያዝ አንድ ሥራ አይደሉም

ጥያቄ፦ «በአንድ አገር በቀል የልማት ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። ለሥራም ለግልም የምጠቀምበት የጂሜይል አድራሻዬ ከ31,000 በላይ ያልተነበበ መልእክት አለበት፤ ሰሞኑን ደግሞ ማከማቻዬ ሊሞላ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መምጣት ጀምሯል። በየፕሮጀክቱና በየለጋሹ ከ60 በላይ ፎልደሮች ፈጥሬ ለመደርደር ሞክሬ ነበር፤ አሁን ግን ምኑን የት እንዳስቀመጥኩ እኔው አላውቅም። ብዙ መልእክት አርካይቭ ባደርግም ቦታው አልቀነሰም። ረዳቴም አድራሻውን በስልኳ ትከፍተዋለች፤ ከስልክ የተሰረዘ ከኮምፒውተር አይጠፋም ብለን የማያስፈልገውን እየሰረዘች ነው። ሁሉንም ሰርዤ ልገላገል? አዲስ አድራሻ ልክፈት? ወይስ ኢሜይል የሚያጸዱ መተግበሪያዎችን ልጠቀም?»

ምላሽ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ረዳትዎ ከስልኳ መሰረዟን ዛሬውኑ ታቁም። ጂሜይል በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው በጎግል ሰርቨር ላይ ያለው ያው አንድ መልእክት ስለሆነ በአንዱ መሣሪያ የተሰረዘ በሌላውም ይሰረዛል። እምነቱ መነሻ አለው፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ መሥሪያ ቤቶች አውትሉክን ፖፕ በሚባለው ሥርዓት ያገናኙት ስለነበር መልእክቱ ወደ ኮምፒውተሩ ወርዶ ራሱን የቻለ ቅጂ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። የዛሬው የስልክ መተግበሪያም ሆነ አይማፕ በሚባለው ሥርዓት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ግን ከሰርቨሩ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የተሰረዘ መልእክት በመጣያው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነውና ይህን አንብበው እንደጨረሱ መጣያውን ይክፈቱ፤ ውል፣ ደረሰኝ ወይም የለጋሽ ደብዳቤ አብሮ ሄዶ ከሆነ ወደ ኢንቦክስ ይመልሱት። ከ30 ቀን ያለፈው አይመለስም ብለው ቢነሡ ይሻላል።

ጥያቄዎ ሁለት ችግሮችን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ድካምዎ ፍሬ ያጣውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ችግር የቦታ ነው፤ ማከማቻው እየሞላ ነው። ሁለተኛው የሥርዓት ነው፤ የሚፈልጉት መልእክት አይገኝም፣ መልስ የሚሻው ከማይሻው አይለይም። ለአንዱ የተሠራው መሣሪያ ለሌላው አይሆንም። አርካይቭ ማድረግ መልእክቱን ከኢንቦክሱ ያነሣዋል፣ ከማከማቻው ግን አያወጣውም፤ «ሁሉም መልእክት» በሚለው ክፍል ውስጥ ክብደቱ ሳይቀንስ ይቀመጣል። በአንጻሩ ሺህ የማስታወቂያ መልእክት ቢሰርዙ ኢንቦክሱ ይቀላል እንጂ ማከማቻው ላይ የሚታይ ለውጥ አይመጣም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይታያል።

አስቸኳዩ የቦታው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ነጻው የጎግል አካውንት የሚሰጠውን 15 ጊጋባይት ጂሜይል፣ ጎግል ድራይቭና ጎግል ፎቶዎች በጋራ ይካፈሉታል። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ጥራታቸው በመጠኑ ተቀንሶ የሚጫኑ ፎቶዎች ከዚህ አይቆጠሩም ነበር፤ ከጁን 1 ቀን 2021 ወዲህ የተጫኑት ግን ይቆጠራሉ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የዋትስአፕ ምትኬም ከ2024 ጀምሮ ከዚሁ ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ኢሜይልዎን አግዶ የያዘው ስልክዎ በየሌሊቱ የሚጭነው የቤተሰብ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። አንድም መልእክት ሳይነኩ በጎግል አካውንትዎ ውስጥ ስለ ማከማቻ የሚያሳየውን ገጽ ይክፈቱ፤ እያንዳንዱ አገልግሎት ስንት ጊጋባይት እንደያዘ ለየብቻ ተጽፎ ያገኙታል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ፎቶ ከሆነ ኢሜይል በመሰረዝ የሚያጠፉት ጊዜ ሁሉ ከንቱ ነው።

ኢሜይሉ ራሱ ሆኖ ከተገኘም ጥፋተኛው የመልእክቱ ብዛት አይደለም። ጽሑፍ ብቻ የያዘ መልእክት እያንዳንዱ 50 ኪሎባይት ይይዛል ብለን ብናስብ 31,000 መልእክት የሚወስደው አንድ ጊጋባይት ተኩል ያህል ነው። በአንጻሩ ጂሜይል በአባሪነት ለመላክ እስከሚፈቅደው 25 ሜጋባይት የሚደርስ ፋይል የያዙ 400 መልእክቶች 10 ጊጋባይት ይሞላሉ። የፕሮጀክት ሥራ ደግሞ ከባድ አባሪ የሚበዛበት ሥራ ነው፦ የመስክ ፎቶዎች፣ በስካነር የተነሡ ውሎች፣ ደጋግመው የታረሙ ሪፖርቶች። ብዙ ሰው የሚዘነጋው «የተላኩ» የሚለውን ክፍል ነው። እርስዎ የላኩት አባሪ ሁሉ በእርስዎም ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጣልዎን መልእክት ፎርዋርድ ባደረጉ ቁጥርም አባሪው ከነሙሉ ክብደቱ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ይወልዳል። ለመጣ መልእክት ምላሽ ሲሰጡ ግን አባሪው አብሮ አይሄድም፤ ይህን ልዩነት ማወቅ ብቻውን ብዙ ቦታ ያድናል።

ቦታ ለማስለቀቅ ኮምፒውተር ይጠቀሙ፤ በስልክ ላይ ብዙ መልእክት አንድ ላይ መርጦ ማስተካከል አይመችም። በጂሜይል መፈለጊያ ሳጥን ቀኝ ጫፍ ላይ ያለውን ምልክት ሲጫኑ ዝርዝር የፍለጋ ቅጽ ይከፈታል፤ በዚያ ውስጥ መጠናቸው ከ10 ሜጋባይት የሚበልጡ መልእክቶችን ብቻ እንዲያወጣልዎ ያዝዙ። የሚመጣው ዝርዝር ከሚፈሩት በጣም አጭር ይሆናል። እያንዳንዱን ይዩ፤ የሚያስፈልገውን ፋይል ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተርና ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ያውርዱ፣ ፋይሉ መከፈቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ መልእክቱን ይሰርዙ። በመጣያና በአይፈለጌ መልእክት ክፍል ያለው ሁሉ እስኪወገድ ድረስ ከ15 ጊጋባይቱ ስለሚቆጠር በመጨረሻ ሁለቱን ባዶ ያድርጉ። ከ10 ሜጋባይት በላይ ያለው ካልበቃ ወደ 5 ይውረዱ። ከ5 በታች ያለውን እየለቀሙ መሰረዝ ግን ለድካሙ የሚመጥን ቦታ አያስገኝም።

ይህን ለነገ አያሳድሩት። ማከማቻው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ መላክም መቀበልም ይቆማል፤ የሚጽፍልዎ ሰው መልእክቱ እንዳልደረሰ የሚገልጽ ማስታወቂያ ይመለስለታል። የፕሮጀክት ሐሳብ ማቅረቢያ ቀን በተቃረበበት ሳምንት ይህ ቢደርስ ጉዳቱ የእርስዎ ብቻ አይሆንም። ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት የቆየ አካውንት ደግሞ ይዘቱ በጎግል ሊሰረዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ስለ ሰነድ ነው። የክፍያ፣ የግዥ፣ የቅጥርና የለጋሽ ስምምነት ሰነዶች ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለባቸው የሚወስኑት ሕጉና የውሉ አንቀጽ ናቸው፤ የእርስዎ የቦታ ችግር ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊውን ሳይጠይቁ ከነዚህ አንዱንም አይሰርዙ። ሁለተኛው ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ አገር ተጠቃሚ ከሌላው የበለጠ አደገኛው ይህ ነው። ጂሜይል ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የ2016 በጀት ዓመት መልእክቶችን ለማግኘት ማዘዝ ያለብዎ ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን 2015 እና ሰኔ 30 ቀን 2016 የሚውሉት በነዚህ ቀናት ነውና። በአእምሮው የኢትዮጵያን ዓመት ይዞ «ከ2016 በፊት የነበረውን አውጣልኝ» ብሎ የሚያዝ ሰው የሚቀርብለት ከሚጠብቀው ሰባትና ስምንት ዓመት የራቀ ሌላ ዘመን ነው፤ ስለዚህ የትኛውንም የጅምላ ሥራ ከማዘዝዎ በፊት በዝርዝሩ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን ጥቂት መልእክቶች ከፍተው ቀናቸውን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንለፍ። «ሁሉንም ሰርዤ ልገላገል?» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው፤ ነገር ግን ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ስሜት ትክክል ነው፤ 31,000 መልእክት አንድ በአንድ አይታይም፣ መታየትም የለበትም። መሰረዝ ሳያስፈልግ ያንኑ እፎይታ የሚሰጥ መንገድ አለ። አንድ የመቁረጫ ቀን ይወስኑ፤ ለምሳሌ ካለፈው አንድ ወር በፊት የመጣው ሁሉ ከኢንቦክሱ ይነሣ። በፍለጋ ቅጹ ላይ ፍለጋው በኢንቦክስ ውስጥ እንዲሆንና ከዚያ ቀን በፊት ያለው እንዲወጣ ያዙ፤ የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ ሲመርጡ ከላይ በኩል ከፍለጋው ጋር የሚገጥመውን ሁሉ ለመምረጥ የሚያስችል መስመር ይመጣል፤ እሱን ተጭነው አርካይቭ ያድርጉ። ያን መስመር ካልተጫኑ የሚነሡት በገጹ ላይ የሚታዩት 50 መልእክቶች ብቻ ናቸው፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ስቶ ነው። ቁጥሩ በአሥር ሺዎች ሲሆን ሥራው ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ግንኙነቱ ደካማ ከሆነም መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህ በኋላ አንድም መልእክት ሳይጠፋ ኢንቦክሱ የአንድ ወር ብቻ ይሆናል። አርካይቭ የተደረገ መልእክት በፍለጋ ይገኛል፤ ያው ሰው በዚያው ጉዳይ ምላሽ ሲጽፍ ደግሞ የጉዳዩ ልውውጥ በሙሉ ራሱ ወደ ኢንቦክስ ይመለሳል። ስለዚህ «የረሳሁት ጉዳይ ቢኖርስ?» የሚለው ስጋት ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ ከወር በላይ ሳይመለስለት የቆየና በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ድጋሚ ይጽፋል።

ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ የማስታወቂያ መልእክቶችን ግን መሰረዝ ይችላሉ። ጂሜይል «ፕሮሞሽን» በሚለው ክፍል ለይቶ ያስቀመጣቸው ናቸው። «አፕዴትስ» የሚለውን ክፍል በዚህ ሁኔታ በጅምላ አይንኩ፤ የአውሮፕላን ትኬት፣ የባንክ ማሳወቂያና የክፍያ ደረሰኝ የሚገቡት በአብዛኛው እዚያ ነው።

ስለ 60ዎቹ ፎልደሮች ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ፦ ይተዋቸው። ጂሜይል ውስጥ ፎልደር የሚመስለው ነገር ሌብል ነው፤ መልእክቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሚለጠፍበት ስም ብቻ ነው። አንድ መልእክት ሦስት ሌብል ቢይዝ ሦስት ቦታ አይወስድም፤ ከአንዱ ሌብል ውስጥ ሆነው መልእክቱን ሲሰርዙትም ከሦስቱም ይጠፋል። «ቅጂው በሌላው ፎልደር አለ» ብለው የሰረዙት ካለ አሁን መጣያው ውስጥ ይፈልጉት። ሌብሉን ራሱን ማጥፋት ግን በውስጡ የነበሩትን መልእክቶች አያጠፋም። ከዚህ ባሻገር መደርደሩ ራሱ ዋጋው ውድ ነው። ስቲቭ ዊታከርና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 345 ተጠቃሚዎች የቆየ መልእክት ለማግኘት ያደረጉትን ከ85,000 በላይ ሙከራ መርምረው ነበር፤ በርካታ ፎልደር የሚያዘጋጁ ሰዎች በፎልደሮቻቸው ላይ ቢደገፉም ድካማቸው መልእክቱን በማግኘት ረገድ የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘላቸው፣ ፍለጋና የልውውጥ ሰንሰለት ግን በብቃት እንደሚሠሩ አሳይተዋል። የእርስዎም ተሞክሮ ይኸው ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት የማይበልጡ ሌብሎች ይበቃሉ፦ ውል፣ ክፍያ፣ ሪፖርት፣ ቅጥር፣ የግል። በፕሮጀክት ስም አይክፈቱ፤ ፕሮጀክት ያልቃል፣ ሌብሉ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የማይነካው አንድ ትልቅ ጉዳይ በእኛ ቋንቋ አለ። በአማርኛ የሚደረግ ፍለጋ በእንግሊዝኛ የሚደረገውን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ «ፈልግ፣ ይገኛል» የሚለው ምክር ሳይስተካከል ቢወሰድ ያሳስታል። ኮምፒውተሩ «ሥራ»ን እና «ስራ»ን፣ «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን እንደተለያዩ ቃላት ሊያይ ይችላል። ጂሜይል በአብዛኛው የሚፈልገው ሙሉ ቃል ስለሆነም «ውል» ብለው ሲፈልጉ «ውሉን»፣ «የውሉ»፣ «በውላችን» የሚሉት ሊያመልጡ ይችላሉ። የሰው ስምም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰው ራሱ በሁለትና በሦስት መንገድ ይጽፈዋል። በአሮጌዎቹ፣ ዩኒኮድ ከሚባለው የጋራ የፊደል ሥርዓት በፊት በተሠሩት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለኮምፒውተሩ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው። በስካነር የተነሣ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ምስል ነውና በውስጡ ባለው ቃል አገኘዋለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም።

መፍትሔው ፎልደር ማብዛት ሳይሆን መልእክቱ ሲጻፍ የሚፈለግበትን ቁልፍ አብሮ ማስቀመጥ ነው። የአገራችን የጽሕፈት ቤት አሠራር ለዚህ የሚሆን ግሩም ነገር ከጥንት ጀምሮ አለው፤ እሱም የደብዳቤ ቁጥር ነው። ቁጥር የፊደል ልዩነት የለውም፣ እንደ ግስና እንደ ስምም መልኩን አይቀያይርም። ስለዚህ የተያያዘ ደብዳቤ ሲልኩ «ደብዳቤ ተያይዟል» በሚል ርእስ አይላኩ፤ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀኑንና የፕሮጀክቱን አጭር መለያ በርእሱ መስመር ላይ ይጻፉ፣ የሥራ ባልደረቦችዎም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይጠይቁ። ሌላ ሰው ርእስ የሌለው መልእክት ከከባድ አባሪ ጋር ሲልክልዎ በአንድ መስመር ምላሽ ቁጥሩንና ጉዳዩን ጽፈው መቀበልዎን ያሳውቁት፤ ያ ምላሽ ለላኪው ማረጋገጫ፣ ለእርስዎም የመፈለጊያ ቁልፍ ይሆናል። ፍለጋው በቃል አልሆን ሲልም በላኪው አድራሻ፣ በቀን ወሰንና «አባሪ ያለው» በሚለው ምርጫ ይፈልጉ፤ እነዚህ ሦስቱ ቋንቋ አይለዩም።

የቆየው ከተነሣ በኋላ የሚቀረው አዲስ የሚመጣውን መግራት ነው፤ ይህ ካልተደረገ ከስድስት ወር በኋላ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ለሁለት ሳምንት የሚመጣልዎን ይታዘቡ። አንድ ክፍል ፈቅደው ወይም ሳያውቁት የተመዘገቡባቸው የዜናና የማስታወቂያ መልእክቶች ናቸው፤ እነዚህን ከምንጫቸው ያቋርጡ። ጎግልና ያሁ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ባወጡት ደንብ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልኩ ድርጅቶች በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫ እንዲያዘጋጁና ጥያቄውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ግዴታ ስላለባቸው መውጫው ዛሬ ከላኪው ስም አጠገብ ይገኛል። ላኪውን ጨርሶ የማያውቁት፣ ሽልማት ደረሰዎ ወይም አካውንትዎ ሊዘጋ ነው የሚል መልእክት ሲሆን ግን በውስጡ ያለውን የመውጫ ማስፈንጠሪያ ፈጽሞ አይንኩ፤ መጫንዎ አድራሻው ሰው ያለበት መሆኑን ለአጭበርባሪው ያረጋግጥለታል፣ ወደ ሐሰተኛ ገጽም ሊወስድዎ ይችላል። እንዲህ ያለውን አይፈለጌ ብለው ሪፖርት ማድረግ ብቻ በቂ ነው።

ሌላው ክፍል የሚያስፈልግ ግን ወዲያው መታየት የሌለበት ነው፦ የሥርዓት ማሳወቂያ፣ የጨረታ ዝርዝር፣ ለእውቀት ያህል በግልባጭ የሚደርስዎ። ለእነዚህ ፊልተር ይሥሩ። የፍለጋ ቅጹን ሞልተው ከመፈለግ ይልቅ «ፊልተር ፍጠር» የሚለውን ሲጫኑ ወደፊት የሚመጣው ተመሳሳይ መልእክት ኢንቦክስን አልፎ በሌብሉ ሥር እንዲቀመጥ ማዘዝ ይችላሉ። ወዲያው እንዲሰረዝ የሚያዝዝ ፊልተር ግን አይሥሩ፤ በአንድ ቃል ስህተት ለሳምንታት ሳያውቁት መልእክት ይጠፋል። ለለጋሾችዎና ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች አድራሻዎች ደግሞ በተቃራኒው ወደ አይፈለጌ ክፍል እንዳይገቡ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ የዚያ ክፍል ይዘት በ30 ቀን ስለሚወገድ በሳምንት አንድ ጊዜ ማየትም ግዴታ ነው። አንድ ብዙ የማይነገርለት ቅንብርም አለ። በጂሜይል ቅንብሮች ውስጥ የግል ደረጃ ጠቋሚ ሲበራ በቀጥታ ለእርስዎ አድራሻ ከተላከ መልእክት አጠገብ አንድ የቀስት ምልክት፣ ለእርስዎ ብቻ ከተላከው አጠገብ ሁለት ይታያል። ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ግልባጭ በሚልክበት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሳይከፍቱ የትኛው በእርግጥ እርስዎን እንደሚጠራ ለመለየት ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

ኢሜይል እናጸዳለን ስለሚሉት መተግበሪያዎች መልሴ አጭር ነው፦ አይጠቀሙ። ሥራቸውን ለመሥራት መልእክትዎን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በእርስዎ አድራሻ ውስጥ ደግሞ የተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ የሠራተኞች ደመወዝና የባንክ መረጃ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንሮል ሚ ከተባለው፣ ከማስታወቂያ ዝርዝር እናስወጣለን ከሚል አገልግሎት ጋር ስምምነት ላይ የደረሰው፣ ኩባንያው የግል ኢሜይላችሁን አንነካም እያለ የተጠቃሚዎቹን የግዥ ደረሰኞች ለእናት ኩባንያው አቀብሏል ብሎ ከከሰሰው በኋላ ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ያለ ሦስተኛ ወገን በጂሜይሉ ውስጥ ይሠራል።

ከተጨናነቀው ለመሸሽ ብቻ አዲስ አድራሻ መክፈትም አልመክርም። የድሮው አድራሻ በስምምነቶች፣ በባንክ፣ በመንግሥት የምዝገባ ሥርዓቶችና በሰዎች ስልክ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቆይ ለዓመታት ሁለቱንም መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው። ትኩረት ያጣው አሮጌ አካውንት ሁለት ዓመት ሳይከፈት ከቆየ ደግሞ ጎግል ሊያጠፋው ይችላል፤ ይህ አሠራር ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

ስለ ዕለታዊ አያያዙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ያልተነበበውን ቁጥር ዜሮ ማድረስን ግብ አያድርጉት፤ «ኢንቦክስ ዜሮ» የሚለውን አባባል በ2000ዎቹ አጋማሽ ያስፋፋው ሜርሊን ማን የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ ራሱ ዜሮው የመልእክቶቹ ቁጥር ሳይሆን ኢንቦክሱ ከአእምሯችን የሚወስደው ድርሻ መሆኑን አስረድቷል። ማሳወቂያውን ከስልክዎ ያጥፉና ኢሜይልን በቀን ሦስት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ይክፈቱ። ኩሽሌቭና ደን በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 124 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲከፍቱ ሲደረግ፣ እንደልባቸው ከከፈቱበት ሳምንት ያነሰ ውጥረት እንደተሰማቸው ገልጸዋል። በከፈቱ ጊዜ በአጭር የሚመለሰውን እዚያው ይመልሱ፣ ጊዜ የሚፈልገውን በኮከብ ምልክት ያድርጉ ወይም በሚሠሩበት ቀን ተመልሶ እንዲመጣ ያዘግዩት፣ የተቀረውን አርካይቭ ያድርጉ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው በስልክ ወይም በቴሌግራም እንዲያገኝዎ ለባልደረቦችዎ ይንገሩ፤ ይህ ሳይነገር ማሳወቂያን ማጥፋት ጠብ ያመጣል።

የመጨረሻው ስለ ረዳትዎ ነው። የይለፍ ቃል መጋራት ሥርዓቱን ከሥሩ ያፈርሰዋል፤ እሷ ያነበበችው ለእርስዎ እንደተነበበ ይታያል፣ ማን እንደሰረዘና ማን እንደመለሰም አይታወቅም። የይለፍ ቃሉን ቀይረው፣ በጂሜይል ቅንብሮች ውስጥ ስለ አካውንቶች በሚለው ክፍል የራሷን አድራሻ በውክልና ይጨምሩ፤ በግል አካውንት እስከ 10 ሰው መወከል ይቻላል። ከዚያ በኮምፒውተር በራሷ አድራሻ ገብታ የእርስዎን መልእክት ማንበብና መመለስ ትችላለች፤ የይለፍ ቃልዎን ግን መቀየር አትችልም። ውክልናው መሰረዝንም ስለሚፈቅድ ሥራዋ አርካይቭ ማድረግና ሌብል መለጠፍ ብቻ መሆኑን አስቀድመው ይስማሙ። የግል ሕይወትዎና የድርጅቱ ሰነድ በአንድ አድራሻ መኖራቸው ግን በውክልና አይፈታም፤ እርስዎ ከሥራው በሚለቁበት ቀን ድርጅቱ የሰነዱ ባለቤት ሆኖ ሳለ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቦታውን ካስለቀቁና ኢንቦክሱን ወደ አንድ ወር ካወረዱ በኋላ ድርጅቱ በራሱ ስም የሥራ አድራሻ እንዲከፍትልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የሥራ መልእክት ወደዚያ እንዲመጣ የአድራሻ ለውጡን ለለጋሾች በድርጅቱ ደብዳቤ ያሳውቁ።